በአፈር ሳይንስ ዶክትሬት ለመማር ስናስብ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

በአፈር ወይም በተፈጥሮ ሀብት ማስተርሳቸውን የጨረሱ ልጆችን "ለምን ዶክትሬት አትቀጥሉም?" ስትሏቸው፣ መልሱ "ደስ ይለን ነበር፣ ግን..." ብሎ ይጀምራል። ከዚያ "ግን" በኋላ የሚመጣው አብዛኛው ነገር ልክ አይደለም። ስንቱ ጎበዝ ልጅ በዚህ ምክንያት እንደቀረ ሳስብ ያንገበግበኛል።

"ገንዘብ ከየት አባቴ አመጣለሁ?"

ትምህርት ሲባል ቶሎ የሚታየን ክፍያው ነው። ስዊድን ውስጥ ግን የዶክትሬት ተማሪ በአብዛኛው ተቀጣሪ ነው። ለ4 ዓመት ያህል ደመወዝ ይበላል፣ የትምህርት ክፍያም የለበትም። ጀርመን ውስጥም ብዙዎቹ በፕሮጀክት ተቀጥረው ነው የሚማሩት። ኡፕሳላ ያለው የስዊድን የግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለውን ቦታ የሚያወጣው እንደ ክፍት የሥራ ቦታ ነው። ስለዚህ "ስኮላርሺፕ" ብላችሁ ብቻ ስትፈልጉ አታገኙትም። የዩኒቨርሲቲዎቹን የቅጥር ማስታወቂያ እዩ።

"ውጭ ከተማርኩ የአገሬን አፈር አላጠናም"

ኔዘርላንድስ ያለው ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ "ሳንድዊች" የሚባል የዶክትሬት አሠራር አለው። መጀመሪያ እዚያ ሄዳችሁ ፕሮፖዛል ትሠራላችሁ፣ አገራችሁ ተመልሳችሁ መረጃ ትሰበስባላችሁ፣ መጨረሻ ላይ ሄዳችሁ ትጽፋላችሁ። አገር ውስጥ መቆየት የሚፈልግም እነ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ አሉለት።

"አፈር ተጠንቶ አልቋል"

ይሄኛው በጣም ነው የሚያናድደኝ። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው አሲዳማ ነው ይባላል። የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ፣ ዝቅ ሲል አሲዱ ይበረታል) ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና ሥሩን ይጎዳዋል። ፎስፈረሱም ይታሰራል፤ ገበሬው ማዳበሪያ ቢጨምርም ሰብሉ አይጠቀምበትም። መፍትሔው ኖራ ነው፣ ይሄንን ሁሉም ያውቃል። ግን በሄክታር በቶን የሚቆጠር ኖራ መንገድ በሌለበት ቀበሌ እንዴት ይደርሳል? ከስንት ዓመት በኋላ ይደገማል?

አዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ብትሄዱ ደግሞ ሌላ ነገር ታያላችሁ። ገበሬው ማሳውን ዲከረንስ የሚባል ግራር ተክሎበታል። አራት አምስት ዓመት ያቆየዋል፣ ይቆርጠዋል፣ ከሰል ያከስለዋል፣ ከዚያ መሬቱን መልሶ ያርሰዋል። ይህን ማንም ባለሙያ አላዘዘውም። ዛፉ ናይትሮጅን ወደ አፈሩ ያስገባል። አሲዱን ግን ያባብሰዋል ወይስ ይቀንሰዋል? ከሁለተኛው፣ ከሦስተኛው ዙር በኋላስ? የተጀመሩ ጥናቶች አሉ፣ ግን ገና ብዙ ዶክትሬት የሚያሠራ ጉዳይ ነው።

ባዶ ሜዳ ላይም አትጀምሩም። ጎጃም አንጀኒ፣ ሸዋ አንዲት ጥድ፣ ወሎ ማይባር ላይ በ1980ዎቹ (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) በስዊዞች ድጋፍ የተተከሉ የምርምር ጣቢያዎች ነበሩ። ዝናቡ ስንት እንደጣለ፣ ጎርፉ ስንት አፈር ይዞ እንደሄደ ለዓመታት ተመዝግቧል። እንዲህ ያለ መዝገብ በቀላሉ አይገኝም።

"ሥራው ላብራቶሪ ውስጥ ነው"

ግማሹ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ሁለት ሜትር ያህል ታስቆፍራላችሁ፣ ትገባላችሁ፣ ግድግዳውን በቢላ እየጫራችሁ ቀለሙ የሚቀየርበትን ቦታ ታያላችሁ። ዋልካ ከሆነ ደረቅ ወራት ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለው። ከአፈሩ ቆንጥራችሁ በውኃ ታርሱና በጣታችሁ ታሻላችሁ፦ ቢሻክር አሸዋ ነው፣ ቢለጠጥ ሸክላ። የማሳው ባለቤት አጠገባችሁ ቆሞ "እዚች ጋ ገብስ አይሆንም" ካለ ደግሞ ጻፉት። ዘሩን አጥቶበት ነው ያወቀው።

"ግብርና ካልተማርኩ አይቀበሉኝም"

ኬሚስትሪ፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ጂአይኤስ (በኮምፒውተር የካርታና የቦታ መረጃ ሥራ) የተማረ ሰው ይፈለጋል። አፈር በከባቢ አየርና በዕፅዋት ውስጥ ካለው ካርቦን ድምር የሚበልጥ ካርቦን ስለያዘ፣ የአየር ንብረት ተመራማሪዎችም እዚሁ ናቸው።

"ለሃምሳ ፕሮፌሰር አንድ ኢሜይል ልላክ"

"ክቡር ፕሮፌሰር፣ ትጉ ተማሪ ነኝ" የሚል ደብዳቤ ሳይነበብ ይቀራል። ለሦስት ሰው ጻፉ፣ ግን መጀመሪያ ሥራቸውን አንብቡ። ከዚያ ጥያቄያችሁን በሁለት መስመር አስቀምጡ፦ "በአሲዳማ አፈር ላይ የሠሩትን አንብቤአለሁ። ፋግታ ለኮማ ላይ ዲከረንስ ሦስት ዙር በተተከለበትና አንዴም ባልተተከለበት ማሳ መካከል አሲዱ ምን ያህል እንደሚለያይ መለካት እፈልጋለሁ።"