«እኔ ለአባቴ አንዲት ነኝ»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በጳጉሜን 3 የቅዱስ ሩፋኤል በዓል፣ ምእመናን የዝናቡን ጠበል ሲጠመቁ፣ አንዲት እኅታችን ከዐጸዱ ጥግ ቆማ ስታለቅስ አገኘኋት። ሽማግሌ ተልኮ፣ የተክሊሉ ቀን ተቆርጧል። እጮኛዋ በየወሩ ለአንዲት ሴት ገንዘብ እንደሚልክ ግን ከስልኩ ላይ አየች። ጠረጠረች፣ ቀለበቷንም አወለቀች። ኋላ ሲጣራ ሴትየዋ ታናሽ እኅቱ ናት፤ ገንዘቡም የሚሄደው በሕመም ለተኙት አባታቸው ነው። «ሸክሜን ካየች ትተወኛለች» ብሎ ደብቆ ኖሯል። «ድህነቱ አይደለም ያስለቀሰኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አለማመኑ ነው» አለችኝ።

ማታ መጽሐፈ ጦቢትን ገለጥኩ። በዚህ በዓል የምናስተምረው ብዙ ጊዜ ስለ ዓሣው ሐሞትና ስለ በራው የጦቢት ዓይን ነው። ዘንድሮ ግን እዚያ ሳልደርስ የራጉኤል ልጅ ሣራ ላይ ቆምኩ። ሰባት ጊዜ ተድራ ሰባቱም በጫጉላው ሌሊት ሞተውባታል። የአባቷ ገረዶች «ባሎችሽን አንቀሽ የምትገድዪ» ብለው ሰደቧት። ራሷን ልታንቅ አሰበች፤ ያቆማት ምን ነበር? «እኔ ለአባቴ አንዲት ነኝ፤ ይህን ባደርግ ስድብ ይሆንበታል፣ ሽምግልናውንም በኀዘን ወደ መቃብር አወርዳለሁ» አለች።

ጥቂት ገጽ አልፋችሁ ምዕራፍ 6ን አንብቡ። የጦቢት ልጅ ጦብያ ገና ሣራን አላያትም። የመንገድ ባልንጀራው ሆኖ አብሮት የሚሄደው መልአኩ ሩፋኤል እንዲያገባት ሲነግረው የሰባቱን ሞት እንደሰማ ተናገረ፤ «እኔም ለአባቴ አንድ ነኝ፤ ብሞት አባቴንና እናቴን በኀዘን ወደ መቃብር አወርዳቸዋለሁ፣ የሚቀብራቸውም ሌላ ልጅ የላቸውም» አለ። ልጆቼ፣ ልብ በሉ! አንዷ በአባቷ ቤት፣ አንዱ ገና በመንገድ ላይ ሆነው፣ ሳይተያዩ አንድ ዓይነት ቃል ተናገሩ። እኔ ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ። ወላጅን መሸከም ለፍቅር እንቅፋት ቢሆን ኖሮ እግዚአብሔር እነዚህን ሁለቱን ባላገናኘ ነበር። አንተ ወንድሜ የደበቅኸው ሸክም እርሷ ልትወድህ የምትችልበት ዋናው ነገር ነበረ እኮ! ለታመመ አባቱ የሚጨነቅ ወንድ ነገ ለሚስቱ ምን ሊሆን እንደሚችል እንዳታይ ከለከልካት።

«የንጉሥን ምሥጢር መሰወር መልካም ነው» የሚለውን የመልአኩን ቃል እየጠቀሳችሁ ነገር የምትሸሽጉ አላችሁ። ጥቅሱን አትቁረጡት፤ የእግዚአብሔርን ሥራ ግን መግለጥ ይገባል ይላል። አባትህን መጦርህ የእግዚአብሔር ሥራ ነው።

እናንተም «ቀለበቱ ይደረግ፣ ከዚያ ይነገራታል» የምትሉ ወላጆች፣ ራጉኤልን እዩት። ልጁ እንድታገባለት ከእናንተ ይልቅ ይጓጓ ነበር። ነገር ግን ገና በማዕድ ሳሉ፣ ሣራን ሳይሰጠው በፊት፣ ለሰባት ሰዎች ድሯት ሁሉም በሌሊት እንደሞቱ እውነቱን ለጦብያ ነገረው። እናንተ ደግሞ ዕዳ ትደብቃላችሁ፣ ሕመም ትደብቃላችሁ፣ ከሌላ የተወለደ ልጅ እንኳ «የእኅቴ ልጅ ነው» ታስብላላችሁ። ይህ ኃጢአት ነው። በዚህ ላይ ቃል የማለሳልስበት ምክንያት አላገኘሁም።

ለተጠራጠርሽው እኅቴ ግን ተግሣጽ የለኝም። ጦብያም ፈርቷል፤ ፍርሃቱን ግን በልቡ አላበሰለውም፣ ለመንገድ ባልንጀራው አወጣው። ራጉኤልም እውነቱን ከተናገረ በኋላ ጦብያም ይሞት ይሆናል ብሎ ሌሊት ተነሥቶ መቃብር ቆፈረ። አማኝ ሰው ነው፣ ግን ቆፈረ! እግዚአብሔር በዚህ አልተቆጣውም። የተላከችው ገረድ ገብታ ሁለቱንም ተኝተው አገኘቻቸው፤ ራጉኤልም ጉድጓዱን አስደፈነ። አንቺም ከቆፈርሽ ይደፈናል። ሁለታችሁም ወደ ንስሐ አባታችሁ አብራችሁ ሂዱ፣ እርሱ ሁሉንም ይንገርሽ፣ አንቺም የጠረጠርሽውን ንገሪው።

የዐሥራ አራቱ ቀን ሠርግ ሲያበቃም ጦብያ «አባቴና እናቴ ተስፋ ቆርጠዋልና አሰናብተኝ» አለ እንጂ በሙሽርነቱ ወላጆቹን አልረሳም። እናቱ ሐና እኮ በየቀኑ መንገድ ላይ ወጥታ ልጇን ትጠብቅ ነበር።

በዚያች በፈሩት ሌሊት፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ፣ ጦብያ ከአልጋው ተነሥቶ «እኅቴ ሆይ፣ ተነሺ እንጸልይ» አላት። ስለ ዝሙት እንዳላገባት ለፈጣሪው ነገረ፤ ምሕረት አግኝቶ ከእርሷ ጋር እንዲያረጅም ለመነ። ሣራም ከእርሱ ጋር «አሜን» አለች።