ሱልጣን፣ ኢማምና አሚር፦ ዙፋንና ሃይማኖት በሐረር

ሐረር ሱልጣን፣ ኢማምና አሚር በሚሉ ሦስት ማዕረጎች ተገዝታለች። ሱልጣን በዘር የሚነግሥ፣ ኢማም በሃይማኖት መሪነቱ የሚታዘዙለት፣ አሚር ደግሞ ጦርና አስተዳደር የጨበጠ ገዥ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከወላስማ ሥርወ መንግሥት የሆኑት ሱልጣን አቡበከር ኢብን መሐመድ በ1520 መናገሻቸውን ከደከር ወደ ሐረር አዛወሩ። ብዙም ሳይቆይ ከኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም (ግራኝ አሕመድ) ጋር ተጋጭተው ተገደሉ። ኢማሙ ግን ዙፋኑ ላይ አልወጡም፤ ከዚያው ቤት ዑመር ዲንን ሱልጣን አድርገው አስቀመጡ። የንግሥና ስም ከወላስማ ዘር ባይነጠቅም ጦሩ የሚከተለው ኢማሙን ነበር። የሁለቱ ሥልጣን ልዩነት ይበልጥ የተገለጠው በዘካ ጉዳይ ነው፤ ቀደም ሲል ገዥዎች ለራሳቸው ያውሉት የነበረውን ዘካ (በእስልምና ግዴታ የሆነ ምጽዋት) ኢማሙ ቁርኣን ለዘረዘራቸው ባለመብቶች እንዲከፋፈል በማድረጋቸው ከሱልጣኑ ጋር ተቃቃሩ። ይህን ያህል ዝርዝር ያገኘነው ኢማሙ በክርስቲያኑ መንግሥት ላይ ያካሄዱት ዘመቻ ታሪክ በዘመኑ በዐረብኛ ስለተጻፈ ነው።

ኢማሙ በ1543 ከወደቁ በኋላ የእህታቸው ልጅ ኑር ኢብን ሙጃሂድ ተነሡ። የኢማሙን ባለቤት ባቲ ድል ወንበራን አገቡ፤ በ1559 ዓፄ ገላውዴዎስን በጦርነት ገደሉ። ጀጎልን፣ ያንን ከተማዋን የከበበ ድንቅ ግንብ፣ ያሠሩት እሳቸው መሆናቸው በሰፊው ይነገራል። ወላስማ ባይሆኑም በሐረር ከአሚርነት አልፈው ወልይ፣ ማለትም እንደ ቅዱስ የሚከበሩ ሰው፣ ሆነዋል፤ መቃብራቸው እስከ ዛሬ ይዘየራል። በዙፋን ከሚገኝ ክብር የሚበልጥ ክብር ይህ ነው።

በ1577 ኢማም መሐመድ ኢብን ጋሳ መናገሻውን በአፋር ምድር ወደምትገኘው አውሳ ወሰዱ፤ በ1647 ደግሞ አሚር ዓሊ ኢብን ዳውድ ሐረርን ራሷን የቻለች አሚራዊ ግዛት አደረጓት።

ግብፃውያን ከ1875 እስከ 1885 ከተማዋን ያዙ። ከወጡ በኋላ የነገሡት አሚር አብዱላሂ በ1887 በጨለንቆ በምኒልክ ጦር ተሸነፉ፤ አሚርነቱም አከተመ። መስጊዶቹና አዋቾቹ፣ ማለትም የወልዮቹ መቃብሮች፣ ግን ጸንተው ቆዩ። ዩኔስኮ በ2006 ሐረር ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊዶችና 102 የወልይ መቃብሮች ተቆጥረዋል። ከመስጊዶቹ ሦስቱ ከ10ኛው ክፍለ ዘመን የቆዩ ናቸው ይባላል።