የሜጀር ሊግ ቤዝቦል ድራፍት

የሰሜን አሜሪካው ሜጀር ሊግ ቤዝቦል 30 ክለቦች በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና ከኮሌጅ የሚወጡ ወጣቶችን ተራ ይዘው ይመርጣሉ። ምርጫው ድራፍት ይባላል። አንድ ልጅ ከተመረጠ በኋላ መደራደር የሚችለው ከመረጠው ክለብ ጋር ብቻ ነው፤ የቀሩት 29ኙ አጠገቡ አይደርሱም። የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ ሲከታተል ለኖረ ሰው ነገሩ እንግዳ ነው። እዚያ ክለብ ልጆችን በአካዳሚው ያሳድጋል ወይም ከፍሎ ያስፈርማል፤ ግርጌ የቀረ ቡድን ደግሞ ይወርዳል። በሜጀር ሊግ ቤዝቦል መውረድ የለም፤ ዓመቱ የከፋበት ቡድን በሚቀጥለው ድራፍት ከፊተኞቹ መራጮች አንዱ የመሆን ዕድል ያገኛል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሊጉ ድራፍቱን የሚያቀርበው በሀብታምና በድሃ ክለብ መካከል ያለውን ልዩነት ማጥበቢያ አድርጎ ነው፤ ይህም እውነትነት አለው። አመጣጡንና የዛሬ ደንቦቹን በቅርበት ያየ ሰው ግን ከሁሉ በፊት የወጣቶችን ዋጋ መያዣ ልጓም መሆኑን ይረዳል።

አመጣጡ

ከ1965 በፊት ገበያው ክፍት ነበር። ጎበዝ ልጅ ትምህርቱን ሲጨርስ የየክለቡ መልማዮች ቤተሰቡን ደጅ ይጠናሉ፤ አብልጦ የከፈለ ይወስደዋል። ባለቤቶቹ ይህን ወጪ ለመግታት ከ1947 ጀምሮ ልዩ ልዩ ደንብ ሞክረዋል። በ1950ዎቹ አጋማሽ የነበረው ደንብ ከ4,000 ዶላር በላይ የተከፈለው አዲስ ፈራሚ ሁለት ዓመት ሙሉ ከዋናው ቡድን እንዳይወጣ ያስገድድ ነበር። ያልበሰለ ልጅ የአንድ ነባር ተጫዋች ቦታ ስለሚይዝ ክለቦች ገንዘብ ከማፍሰስ ይታቀባሉ ተብሎ ነበር የታሰበው። ጉዳቱ ግን በልጆቹ ላይ ወደቀ። በኋላ ታላቅ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) የሆነው ሳንዲ ኩፋክስ በ1955 ብሩክሊን ዶጀርስን የተቀላቀለው በዚህ ደንብ ነው፤ በታችኛው ሊግ ተጫውቶ መብሰል ሲገባው ብዙውን ጊዜ በተጠባባቂነት አሳለፈ፣ ትክክለኛ ብቃቱም እስከ 1961 አልታየም።

በ1964 ሪክ ራይካርት የተባለ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ከሎስ አንጀለስ ኤንጅልስ 205,000 ዶላር የፊርማ ገንዘብ ተቀበለ። በዚያን ጊዜ የሊጉ ታላላቅ ኮከቦች እንኳ በዓመት ይህን ያህል አያገኙም ነበር። ባለቤቶቹ በዚያው ዓመት ድራፍቱን አጸደቁ፤ የመጀመሪያውም በሰኔ 1965 ኒው ዮርክ ውስጥ ተካሄደ። ካንሳስ ሲቲ አትሌቲክስ ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሪክ መንደይን አንደኛ አድርጎ መረጠ፤ የተከፈለውም 100,000 ዶላር አካባቢ ነበር። ራይካርት ከአንድ ዓመት በፊት ካገኘው ግማሹ መሆኑ ነው። የራይካርት ክብረ ወሰን እስከ 1979 ሳይሰበር ቆየ። ገዢው አንድ ብቻ ሲሆን ዋጋ ምን እንደሚሆን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ቁጥር የለም።

ማን ይመረጣል

ድራፍቱ የሚመለከተው በአሜሪካ፣ በካናዳና እንደ ፖርቶ ሪኮ ባሉ የአሜሪካ ግዛቶች የሚኖሩትን ነው። ወሳኙ የትውልድ አገር ሳይሆን የመኖሪያና የትምህርት ቦታ ነው። አልበርት ፑሆልስ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ቢወለድም ሚዙሪ ውስጥ ተምሮ ስለነበር በ1999 በድራፍቱ በኩል ገባ። አዲስ አበባ ተወልዶ ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ የሚማር ልጅም መንገዱ ይኸው ነው።

ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰና ገና ኮሌጅ ያልገባ ይመረጣል። የአራት ዓመት ኮሌጅ ከገባ በኋላ ግን ሦስተኛ ዓመቱን እስኪጨርስ ወይም 21 ዓመት እስኪሞላው መጠበቅ አለበት። በሁለት ዓመት ኮሌጅ የሚማር በየዓመቱ ሊመረጥ ይችላል፤ ቶሎ እንደገና መሞከር የሚፈልጉ ልጆች ወደዚያ የሚሄዱትም ለዚህ ነው። ለ18 ዓመት ልጅ ኮሌጁ ከትምህርትም በላይ ነው፤ በድርድር ላይ ያለው ብቸኛ ጉልበቱ «ካልተስማማኝ ኮሌጅ እገባለሁ» ማለት ብቻ ነውና።

የምርጫው ተራ ለረጅም ጊዜ ያለፈው ዓመት ውጤት ግልባጭ ነበር። አንዳንድ ክለቦች አንደኛ ለመምረጥ ሲሉ ሆን ብለው ቡድናቸውን ያዳክማሉ የሚለው ቅሬታ ሲበረታ ከ2023 ድራፍት ጀምሮ ዕጣ መጣ። ወደ ጥሎ ማለፍ ያልገቡት 18 ክለቦች ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ቦታዎች ዕጣ ይወጣላቸዋል፤ ሦስቱ ደካሞች እያንዳንዳቸው 16.5 በመቶ ዕድል አላቸው። የዙሮቹ ቁጥርም ተቀንሷል፤ ከ1998 እስከ 2011 ድረስ 50፣ ከ2012 እስከ 2019 ድረስ 40፣ በኮሮናው ዓመት 2020 አምስት ብቻ፣ ከ2021 ወዲህ 20 ነው። ከአሜሪካ እግር ኳስና ቅርጫት ኳስ በተለየ ክለቦች የምርጫ ተራቸውን መሸጥ መለወጥ አይችሉም፤ የሚለወጡት ለአነስተኛ ገበያ ክለቦች በተጨማሪነት የሚሰጡ ጥቂት ተራዎች ብቻ ናቸው።

ገንዘቡ

ከ2012 ጀምሮ በመጀመሪያዎቹ 10 ዙሮች ለእያንዳንዱ ተራ ሊጉ የተመን ዋጋ ያወጣል። የአንድ ክለብ ተራዎች ተመን ተደምሮ የዓመቱ የፊርማ ቋት ይሆናል። ክለቡ ገንዘቡን በቋቱ ውስጥ እንደፈለገ ማከፋፈል ይችላል፤ ካለፈ ግን ይቀጣል። እስከ 5 በመቶ ቢያልፍ በትርፉ ላይ 75 በመቶ ግብር ይከፍላል። ከ5 በመቶ በላይ ከሄደ በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያ ዙር ምርጫውን ያጣል፤ ከዚያ በላይ ቅጣቱ እየከበደ ይሄዳል። በተግባር ክለቦች 5 በመቶው አፋፍ ላይ ይቆማሉ። ከ11ኛው ዙር ወዲያ ለአንድ ልጅ እስከ 150,000 ዶላር ቢከፈል ከቋቱ አይቀነስም።

ብልጠቱ ያለው በክፍፍሉ ነው። ሂውስተን አስትሮስ በ2012 አንደኛ ተራ ነበረው፤ ተመኑ 7.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከፖርቶ ሪኮ የመጣውን ካርሎስ ኮሬያን መርጦ በ4.8 ሚሊዮን አስፈረመ። በተረፈው 2.4 ሚሊዮን፣ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል ተብሎ እስከ 41ኛ ተራ የወረደውን ፒቸር ላንስ መከለርስን ከተመኑ እጅግ በላቀ 2.5 ሚሊዮን ወሰደ። ሁለቱም በ2017 ዋንጫ ባነሣው፣ በኋላም የተጋጣሚዎችን የምልክት ልውውጥ በመስረቅ ቅሌት ስሙ በጎደፈው ቡድን ውስጥ ነበሩ። ይህ እንዲሠራ ክለቡ የልጁን ዋጋ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። መልማዮች ከድራፍቱ በፊት ባሉት ሳምንታት ወላጆችንና አማካሪዎችን «ስንት ብንሰጠው ይፈርማል?» እያሉ የሚጠይቁት ለዚህ ነው። በምርጫው ሌሊትም ስልኩ አያርፍም፤ «ይህን ያህል ብንሰጥህ ትፈርማለህ?» ተብሎ መልሱ ሳይታወቅ ከፍተኛ ተራ የሚያባክን ክለብ ጥቂት ነው።

የሥርዓቱ በደል ጎልቶ የሚታየው በአራተኛ ዓመት ተማሪዎች ላይ ነው። የኮሌጅ ዕድሜያቸው ስላለቀ «እመለሳለሁ» ብለው ማስፈራራት አይችሉም። ክለቦች ከስድስተኛ እስከ አሥረኛ ዙር እነሱን ይመርጡና ተመኑ መቶ ሺህ ዶላር በሚዘልበት ተራ አሥር ሺህ ወይም ከዚያ በታች ይሰጧቸዋል፤ የተረፈው ለ18 ዓመት ባለ ተስፋዎች ይውላል። ደንቡ አይከለክለውም፤ ፍትሐዊ ነው ማለት ግን አይቻልም።

ያልፈረመ ልጅ ተመን ከቋቱ ይሰረዛል፤ ከዚህም የከፋ ውድቀት ሊመጣ ይችላል። በ2014 አስትሮስ አንደኛ ከመረጠው ብሬዲ ኤይከን ጋር በ6.5 ሚሊዮን ተስማምቶ ነበር። የሕክምና ምርመራው የክርን ጅማቱ ላይ ጥርጣሬ ሲፈጥር ክለቡ ቅናሽ አቀረበ፤ ልጁም ሳይፈርም ቀነ ገደቡ አለፈ። በዚህ ምክንያት 7.9 ሚሊዮን ገደማ የሚሆነው ተመን ከቋቱ ስለወጣ፣ በአምስተኛ ዙር ከተመረጠው ጄከብ ኒክስ ጋር የተደረሰው የ1.5 ሚሊዮን ስምምነትም አብሮ ፈረሰ። ኒክስ ምንም ሳያጠፋ ነው ገንዘቡ የቀረበት። ክለቡ ግን ባልፈረመው ልጅ ምትክ በ2015 ሁለተኛ ተራ ተሰጠውና አሌክስ ብሬግማንን አገኘ። ዛሬ ሊጉ ባዘጋጀው ከድራፍቱ በፊት በሚደረግ የሕክምና ምርመራ ለሚሳተፍ ተጫዋች ክለቡ ቢያንስ የተመኑን 75 በመቶ እንዲያቀርብለት ደንቡ ያስገድዳል።

መልማዮች ምን ያያሉ

ደረጃው ከ20 እስከ 80 ነው፤ 50 የሜጀር ሊግ አማካይ ማለት ነው። የሜዳ ተጫዋች በአምስት ነገር ይመዘናል፦ ኳስን በዱላ ማግኘት፣ የምት ኃይል፣ ሩጫ፣ የክንድ ጥንካሬና ኳስ አያያዝ። መልማዩ ሰዓት በእጁ ይዞ ይቀመጣል፤ ቀኝ መቺ ኳሱን ከመታበት ቅጽበት እስከ አንደኛው ቤዝ (መቺው ሮጦ የሚደርስበት የመጀመሪያ ማረፊያ፣ 27.4 ሜትር) በ4.3 ሰከንድ ከደረሰ አማካይ ሯጭ ነው። ዋናው ችግር የዱላው ነው። በትምህርት ቤትና በኮሌጅ የሚመታው በብረት ዱላ ነው፤ ፕሮፌሽናሉ ደግሞ እንጨት ይጠቀማል። በብረት የሚያምር ምት በእንጨት ሊጠፋ ስለሚችል መልማዮች የበጋውን የኬፕ ኮድ ሊግ አጥብቀው ይከታተላሉ፤ እዚያ የኮሌጅ ልጆች የሚመቱት በእንጨት ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ስህተቱ ብዙ ነው። በኋላ ከሊጉ ታላላቅ ኮከቦች አንዱ የሆነው የኒው ጀርሲው ልጅ ማይክ ትራውት በ2009 እስከ 25ኛ ተራ ቆየ። ኒው ጀርሲ ውስጥ ብርዱ ስለሚረዝም የትምህርት ቤቱ የጨዋታ ወቅት አጭር ነው፤ መልማዮችም እንደ ካሊፎርኒያና ፍሎሪዳ ልጆች ደጋግመው አያዩትም። ፑሆልስ 402ኛ ተመርጦ 703 ሆም ራን (ኳሱን ከሜዳው አጥር ውጭ የሚያስወጣ ምት) መታ። ማይክ ፒያዛ በ1988 በ62ኛ ዙር 1,390ኛ ሆኖ የተመረጠው የዶጀርስ አሠልጣኝ ቶሚ ላሶርዳ የአባቱ ወዳጅ ስለነበሩ ነው፤ በ2016 የቤዝቦል ታላላቆች የሚከበሩበት የዝነኞች አዳራሽ ገባ። በዛሬው 20 ዙር ስሙ አይጠራም ነበር።

በሌላ በኩል ከትምህርት ቤት የሚመጣ ፒቸር ከሁሉ የከፋ ቁማር ነው። ክንዱ ገና እያደገ ፍጥነት ይጨምራል፣ የክርን ጅማት ይቀደዳል፣ ቀዶ ሕክምናው ከአንድ ዓመት በላይ ያስቀምጣል። አንደኛ የተመረጡት የሁለተኛ ደረጃ ፒቸሮች ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ግራኞች፣ ሦስቱም አልቀናቸውም። ዴቪድ ክላይድን በ1973 ቴክሳስ ሬንጀርስ ትምህርት በጨረሰ በሳምንታት ውስጥ ሜዳ አስገባው። ተመልካች ለመሳብ ተብሎ የተደረገ ነገር ነው፤ በ24 ዓመቱ በሜጀር ሊግ የነበረው ቆይታ አበቃ። ኒው ዮርክ ያንኪስ በ1991 የወሰደው ብሪየን ቴይለር በጠብ ትከሻው ተጎድቶ ሜጀር ሊግ አልደረሰም። ሦስተኛው ኤይከን ነው።

ከፊርማ በኋላ

የተመረጠ ልጅ በነጋታው ቴሌቪዥን ላይ አይታይም። ዶሚኒካንና አሜሪካ ካሉት የጀማሪዎች ሊጎች በላይ አራት ደረጃዎች አሉ፦ ሲንግል ኤ፣ ሃይ ኤ፣ ደብል ኤ፣ ትሪፕል ኤ። ከኮሌጅ የመጣ ሁለት ሦስት ዓመት፣ ከትምህርት ቤት የመጣ አራት አምስት ዓመት ቢቆይ የተለመደ ነው፤ አብዛኞቹ ላይ አይደርሱም። ደመወዙ ለዓመታት አሳፋሪ ነበር። በ2022 ተጫዋቾቹ በማኅበር ተደራጁ፤ በ2023 የጸደቀው የመጀመሪያ ስምምነት የትሪፕል ኤ ደመወዝን በዓመት 35,800 ዶላር፣ የሲንግል ኤን 26,200 አደረሰው። ለመቶ ሺዎች የፈረመ ልጅ አይቸገር ይሆናል፤ በአሥር ሺህ የፈረመው ግን የሚኖረው በዚህ ነው። ሜጀር ሊግ የደረሰም ቢሆን ስድስት የአገልግሎት ዓመት ሳይሞላ ክለቡን በነጻ መልቀቅ አይችልም።

የዋሽንግተን ምሳሌ

በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን በአቅራቢያቸው ያለው ቡድን ናሽናልስ ነው፤ የድራፍቱን መልክ በሙሉ በእሱ ማየት ይቻላል። በ2009 ስቲቨን ስትራስበርግን፣ በ2010 ብራይስ ሃርፐርን አንደኛ መረጠ። ስትራስበርግ በ15.1 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ፤ በ2019 ዋንጫ ሲነሣ የፍጻሜው ኮከብ ተባለ። ያን ዓመት የ245 ሚሊዮን አዲስ ውል ቢያገኝም ጉዳት አስቀረው። ሃርፐር ነጻ ሲሆን በ330 ሚሊዮን ወደ ፊላዴልፊያ ሄደ። እንደ ስትራስበርግ ዓይነት ውል ያስደነገጣቸው ባለቤቶች በ2012 ቋቱን አመጡ፤ ጄሪት ኮል በ2011 ያገኘው የ8 ሚሊዮን የፊርማ ክብረ ወሰን እስከ 2020 አልተነካም። የራይካርት ታሪክ ተደገመ ማለት ነው። በ2025 ክለቡ እንደገና አንደኛ ሲመርጥ የ17 ዓመቱን ኢላይ ዊሊትስ በ8.2 ሚሊዮን አስፈረመ፤ ተመኑ ከ11 ሚሊዮን በላይ ስለነበር ልዩነቱን ለታች ተራዎች አዋለው።

በ2019 ቡድን ውስጥ የነበረው ሁዋን ሶቶ ግን በድራፍት አልመጣም። በ2015 ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ በ1.5 ሚሊዮን የፈረመ ነው። ከድራፍቱ ክልል ውጭ ያሉ ልጆች ከ16 ዓመታቸው ጀምሮ ከፈለጉት ክለብ ጋር ይስማማሉ፤ የፊርማው ወቅት በየዓመቱ ጥር 15 ይከፈታል። ክፍት መሆኑ ዋጋቸውን ቢጠብቅም ገና በ12 እና በ13 ዓመታቸው የቃል ስምምነት የሚያስገቡ ደላሎችንና የዕድሜ ማጭበርበርን አምጥቷል። ሊጉ በ2022 ዓለም አቀፍ ድራፍት ሐሳብ አቅርቦ የተጫዋቾች ማኅበር አልተቀበለውም። አሁን ያለው የሠራተኛ ስምምነት ታኅሣሥ 1 ቀን 2026 ያበቃል፤ ለድርድር ከሚቀርቡት ጉዳዮችም ዓለም አቀፉ ድራፍት አንዱ ነው።