«ባህር ነው፣ ምን ይለያል?» ሞምባሳ ለጥቂት ቀን ስለመሄድ እኛ ጋ የሚወራውና እውነታው

ደብረ ብርሃን ላይ ሰርግ አልቆ ሙሽሮቹ የት ይሂዱ ሲባል ወይ የመስሪያ ቤት ልጆች ገንዘብ አዋጥተው ሽርሽር ሲያስቡ፣ አሁን አሁን ከላንጋኖና ከሀዋሳ ቀጥሎ የሚነሳው የኬንያዋ የወደብ ከተማ ሞምባሳ ነው። አብሮት የሚወራው ግን ግማሹ ልክ አይደለም፣ ለአራት አምስት ቀን ለሚሄድ ሰው ደግሞ አንድ የተሳሳተ ወሬ አንድ ሙሉ ቀን ይበላል።

«በሞያሌ በመኪና ከሄድክ እኮ በነፃ በለው» የሚሉ አሉ። መንገዱ አስፋልት መሆኑ እውነት ነው፣ ግን ደምሩት እስቲ፣ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር፣ ከዛ ሞያሌ፣ ከሞያሌ ናይሮቢ፣ ከናይሮቢ ሞምባሳ፣ ጠቅላላው ከ2000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ደርሶ መልስ ሲሆን የዓመት ፈቃዱ እዛው መንገድ ላይ አለቀ ማለት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ይበራል፣ ኬንያ ደግሞ ለአጭር ጉብኝት የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ቪዛ አትጠይቅም። ቢጫ ካርድ ግን ትጠይቃለች። የቢጫ ወባ ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት፣ ሻንጣ ዘግቶ በመጨረሻው ሳምንት ክትባት ፍለጋ የሚሮጠው ብዙ ነው።

ሌላው «ሞምባሳ ማለት ቢች ነው» የሚለው ነው። የከተማው መሃል ያለው ደሴት ላይ ነው፣ እዛ ያለው ወደቡ፣ ገበያውና አሮጌው ከተማ ነው። አሸዋው ያለው ወይ በኒያሊ ድልድይ ተሻግሮ ወደ ሰሜን፣ ኒያሊ፣ ባምቡሪ፣ ሻንዙ፣ ወይ ደግሞ በሊኮኒ ፌሪ (ሰውና መኪና በሚያሻግረው ጀልባ) ተሻግሮ ወደ ደቡብ ዲያኒ ነው። ዲያኒ ጭራሽ ሌላ ካውንቲ ነው፣ ክዋሌ። ፎቶው አምሮት ዲያኒ ሆቴል የያዘ ሰው ከኤርፖርት በአስር ደቂቃ እደርሳለሁ ብሎ ካሰበ ተሸውዷል። ባቡሩም ቢሆን (ከናይሮቢ የሚመጣው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ስራ የጀመረው) የሚያወርዳችሁ ከደሴቱ ውጪ ሚሪቲኒ ነው።

«ሲመቸኝ ወርጄ እዋኛለሁ፣ ባህሩ የት ይሄዳል?» እንዴ፣ ይሄዳል እንጂ! እኛ የለመድነው ሐይቅ ነው፣ ሐይቅ ጠዋት ያየኸው ቦታ ማታም ይጠብቅሃል። የህንድ ውቅያኖስ በቀን ሁለቴ ይሞላል ሁለቴ ይጎድላል፣ ከሙላቱ እስከ ጉድለቱ ስድስት ሰዓት ከትንሽ ደቂቃ ነው፣ ሰዓቱ ደግሞ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ እየዘገየ ይሄዳል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ በሙላትና በጉድለት መሃል ያለው ልዩነት ሞምባሳ ላይ ከ3 ሜትር በላይ ይደርሳል፣ አንድ ፎቅ የሚያህል ውሃ መጥቶ ሄደ በሉት። የባህሩ ወለል ደግሞ ቀስ እያለ ነው ዝቅ የሚለው፣ ፊት ለፊቱም የኮራል ድንጋይ አጥር ሆኖ ቆሟል፣ ስለዚህ ውሃው ሲጎድል ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ኋላም ይሸሻል። ጠዋት ደረት ድረስ የነበረበት ቦታ ከሰዓት ስትመጡ እርጥብ አሸዋ፣ የተኛ የባህር ሳር፣ ትንንሽ ኩሬ፣ ኩሬው ውስጥ ደግሞ ጃርት የመሰለ ጥቁር እሾሃም ፍጥረት ይጠብቃችኋል፣ እሾሁ እግር ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል፣ ባዶ እግር እንዳትሞክሩት። ብልሃቱ ቀላል ነው፣ ስልካችሁ ላይ የኪሊንዲኒን (የሞምባሳ ወደብ ነው) የሙላት ሰዓት ፈልጉ ወይ ሆቴሉን ጠይቁ፣ ዋናውን ውሃው ሲሞላ፣ ከተማ መዞሩን ሲጎድል አድርጉት። ውሃው ሲጎድል እስከ ኮራሉ በእግር መሄድ በጣም ደስ ይላል፣ ግን ጫማ አድርጋችሁ፣ ቦታውን ከሚያውቅ ሰው ጋር፣ ውሃው መመለስ ሳይጀምር ዞር በሉ፣ ሲመለስ መጀመሪያ የሚሞላው ከኋላችሁ ያለው ዝቅ ያለው ቦታ ነውና።

«ጨው ስላለው ራሱ ያንሳፍፋል» የሚሉት ከሙት ባህር ጋር ተምታቶባቸው ነው። የህንድ ውቅያኖስ ጨው በሊትር 35 ግራም ገደማ ነው፣ የሙት ባህር ወደ አስር እጥፍ ይጠጋል። ዋና የማይችል ሰው እዛም አይችልም፣ ላይፍ ጃኬት ማድረግ ነውር የለውም።

ፀሐይና ወባ ላይ ደገኛ ነን ብለን የምንመካው ነገር አለ። «ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም» ይባላል፣ ይቃጠላል፣ በተለይ ዓመቱን ሙሉ በጋቢና በጃኬት ተሸፍኖ የከረመ ትከሻ። ደብረ ብርሃን ወደ 2800 ሜትር ላይ ስለሆነች ወባን እኛ የምናስባት ሸዋ ሮቢት ወይ ጀማ ሸለቆ ስንወርድ ነው፣ ሞምባሳ ግን ከባህር እኩል ናት፣ ወባ አለባት። ሐኪም አማክራችሁ የመከላከያ ክኒን ያዙ፣ ተመልሳችሁ በሳምንታት ውስጥ ትኩሳት ከያዛችሁ ደግሞ «ብርድ ነው» ብላችሁ አትተኙ፣ ሞምባሳ ነበርኩ ብላችሁ ተመርመሩ።

ወቅቱም ላይ ስህተት አለ። ሰው ሁሉ ክረምት ባህር አይኬድም ይላል፣ የእኛ ሐምሌ ግን የእነሱ ሐምሌ አይደለም። ሞምባሳ ላይ ከባዱ ዝናብ እ.ኤ.አ. በኤፕሪልና ሜይ ነው፣ ያ ደግሞ የእኛ የፋሲካ ማግስት ሰርግ ወቅት ላይ ድብን ብሎ ያርፋል! ሐምሌና ነሐሴ ነፋስ አለው፣ ባህሩም ትንሽ ይናወጣል፣ ግን አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ነው። የጥር ሙሽሮች እድለኞች ናቸው፣ ያኔ ደረቅ ነው፣ ሙቀቱን ከቻሉት።

«በጾም ከሄድክ ትራባለህ» የሚለው ደግሞ በጣም ያስቀኛል። የሞምባሳ ሰው ወጡን የሚሰራው በኮኮናት ወተት ነው፣ ባቄላው በኮኮናት፣ ምባዚ የሚሉት የርግብ አተርም በኮኮናት፣ ድንች በእርድ ሊጥ ተነክሮ የተጠበሰ መንገድ ላይ ይሸጣል፣ ካሳቫ ቺፕስ በሎሚና በበርበሬ አለ። ማሃምሪ የሚባለው ብስኩታቸው አንዳንዱ ጋ የላም ወተት ስለሚገባበት ጠይቁ። የአሳውን ነገር ከንስሐ አባታችሁ ጋር ጨርሱ፣ እኔ አልገባበትም።

«ቢች ለመግባት ሪዞርት መያዝ አለብህ» የለም፣ ባህር ዳርቻው የህዝብ ነው፣ ባምቡሪ ያለው የጆሞ ኬንያታ ቢች እሁድ እሁድ በአገሬው ቤተሰብ ይጨናነቃል። ውድ የሚሆነው አሸዋው ላይ ዋጋ ሳትነጋገሩ «እሺ» ስትሉ ነው። ግመል ላይ አውጥተው ፎቶ ያነሷችኋል፣ ሸዋ ሮቢት ግመል ሲነዳ እያየ ያደገ ልጅ ለዛ ሽልንግ ሲከፍል ማየት ራሱ ትዕይንት ነው።

ስለ ሰዓት፣ «ከጧት አንድ ሰዓት ብለን የምንቆጥረው እኛ ብቻ ነን» አይደለም። በስዋሂሊም እንደዛው ነው የሚቆጠረው፣ የባጃጅ ሹፌሩ ሁለት ሰዓት ሲላችሁ የእናንተው ሁለት ሰዓት ሊሆን ይችላል። የባቡርና የአውሮፕላን ትኬት ግን በፈረንጅ ነው፣ 15:00 ካለ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

በመጨረሻ «ከባህር ሌላ ምን አለ፣ ከእኛስ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ለሚሉት፣ ክራፕፍ የሚባለው ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ እ.ኤ.አ. ከ1839 እስከ 1842 እዚሁ ሸዋ፣ አንኮበር ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ነበር፣ ከዛ በ1844 ሞምባሳ ገባ፣ ባለቤቱና አራስ ልጁ እዛው ሞተው ኒያሊ በኩል ተቀበሩ፣ እሱም ሞምባሳ አጠገብ ራባይ ላይ ሚሲዮን ከፍቶ የስዋሂሊ ሰዋስው አዘጋጀ። ፖርቹጋሎች ከ1593 ጀምሮ የሰሩት ፎርት ጂሰስም ደሴቱ ላይ ነው፣ ከ2011 ጀምሮ የዩኔስኮ ቅርስ ነው። አሮጌው ከተማ የሙስሊም ሰፈር ስለሆነ በዋና ልብስ አይገባም፣ ጧት ሂዱ፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ ድንጋዩ ይፋጃል።