በጅማ አባ ጅፋር የአሠልጣኙና የአመራሩ የውሳኔ ድርሻ

ጅማ አባ ጅፋር መቀመጫውን ጅማ ያደረገ የእግር ኳስ ክለብ ነው። ቀደም ሲል ጅማ ከተማ ይባል ነበር፤ የአሁኑን ስም ያገኘው ከጅማው ንጉሥ ከዳግማዊ አባ ጅፋር ነው።

እንደ አብዛኞቹ የሀገራችን ክለቦች ገንዘቡ በዋናነት የሚመጣው ከከተማ አስተዳደሩ በመሆኑ የመጨረሻው ቃል የቦርዱ ነው። በጀት የሚያጸድቀው፣ ዋና አሠልጣኙን የሚቀጥረውና የሚያሰናብተው ቦርዱ ነው። ውል፣ ደመወዝ፣ ጉዞ፣ ሆቴልና ከፌዴሬሽኑ ጋር የሚደረግ ደብዳቤ በሥራ አስኪያጁ እጅ ነው። ልምምዱ፣ አሰላለፉና ቅያሪው ግን የአሠልጣኙ ናቸው። የቡድን መሪው በሁለቱ ወገን መካከል ቆሞ የተጫዋቹን ጥያቄ ወደ ቢሮ፣ የቢሮውን ምላሽ ወደ ሜዳ ያመላልሳል።

ድርሻው የሚደባለቀው በክረምቱ የዝውውር ወቅት ነው። አሠልጣኙ በየቦታው የሚፈልገውን ተጫዋች ይጠቁማል፤ አመራሩ ይደራደራል፤ ገንዘቡ ካልበቃ ደግሞ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ምርጫ ይመጣል። በሊጉ የአንድና የሁለት ዓመት ውል የተለመደ ስለሆነ ይኸው ሥራ በየዓመቱ ከሞላ ጎደል እንደገና ይጀመራል። በ2011 ዓ.ም ማብቂያ ላይ የተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር እንዲሆን በተወሰነ ጊዜ፣ ክፍያን የሚመለከተው ውሳኔ በከፊል ከክለቦቹም እጅ ወጥቶ ነበር።

ሁለቱ ወገኖች ያላቸውን ሁሉ ያሳዩበት ዘመን 2010 ዓ.ም ነው። ክለቡ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫውን ወሰደ። በነጥብ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር እኩል ነበር፤ የለየው የጎል ልዩነት ነው። ከታች እንደመጣ ቡድን ሳይሆን ዋንጫ እንደለመደ ቡድን የተጫወተውን ያንን ስብስብ የመሩት አሠልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌ ነበሩ። ናይጄሪያዊው አጥቂ ኦኪኪ አፎላቢ በ23 ጎል የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ግቡን ከጠበቁት አንዱ ጋናዊው ዳንኤል አጃዬ ነበር። የውጭ ተጫዋች ማምጣት ከሁሉ በላይ የአመራሩን ጥረት ይጠይቃል፤ የሥራ ፈቃዱም የዝውውር ወረቀቱም የቢሮ ሥራ ነው። ስለዚህ የዋንጫው ክብር ለአሠልጣኙ ብቻ ሲሰጥ ፍትሕ ይጎድላል። ኦኪኪን በየጨዋታው ጎል ፊት ያደረሰው ግን የአሠልጣኙ አጨዋወት እንጂ የማንም ፊርማ አይደለም።

ከዋንጫው በኋላ ገብረመድህን ወደ መቐለ 70 እንደርታ ሄዱ፤ በ2011 ዓ.ም እዚያም ሻምፒዮን ሆኑ። አመራሩ ሊያቆያቸው ይችል ነበር ወይ የሚለው ምናልባት እስከዛሬ የሚያከራክር ነው። የሻምፒዮን ቡድንን አሠልጣኝ ማቆየት ግን ያለምንም ጥርጥር ከማንኛውም ዝውውር የሚበልጥ የቦርድ ውሳኔ ነበር። በዚያው ዓመት ክለቡ በአፍሪካ ቻምፒየንስ ሊግ ጅቡቲ ቴሌኮምን ጥሎ ከአል አህሊ ጋር ተገናኘ። ግብፅ ላይ 2 ለ 0 ቢሸነፍም በመልሱ 1 ለ 0 አሸነፈ። የአፍሪካን ኃያል ክለብ ማሸነፍ ለጅማ ትልቅ ታሪክ ነው።

ከዚያ በኋላ አሠልጣኞች ተፈራረቁ። ውጤት ሲጠፋ ቦርድ ለአሠልጣኝ በተወሰኑ ጨዋታዎች የተወሰነ ነጥብ እንዲያመጣ ማስጠንቀቂያ መስጠቱ በሊጉ የተለመደ አሠራር ነው። ወረቀቱ ስለ አሰላለፍ አንድ ቃል ባይናገርም አሰላለፍን ይቀይራል፤ ጊዜ የተቆረጠለት አሠልጣኝ ወጣቱን አስቀምጦ ልምድ ያለውን ያሰልፋል፣ ከማሸነፍ ይልቅ አለመሸነፍን ያስቀድማል። ደመወዝ ሲዘገይም እንዲሁ ነው፦ ጉዳዩ የቢሮ ቢሆንም ልምምድ ያቆመ ተጫዋች ፊት የሚቆመው አሠልጣኙ ነው።

በ2013 ዓ.ም ሊጉ በተመረጡ ከተሞች ሲካሄድ ጅማ ከአስተናጋጆቹ አንዷ ነበረች። ጅማ አባ ጅፋር በ2014 ዓ.ም ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ።