የንግድ ታፔላ ቁጥጥር በደሴ መሀል ከተማ

የንግድ ታፔላ ሱቅ፣ ምግብ ቤት፣ ክሊኒክ ወይም ቢሮ ስሙንና ሥራውን ጽፎ በሩ ላይ የሚሰቅለው ምልክት ነው። ደሴ ላይ የአድራሻን ሥራም ይሠራል። እዚህ በቤት ቁጥር ሰው የሚፈልግ የለም ማለት ይቻላል። «ከፋርማሲው አለፍ ብለህ፣ ከቢጫው ታፔላ ፊት ለፊት» ይባላል፤ እንግዳውም ሳይንገላታ ይደርሳል። ስለዚህ አንድ ታፔላ ሲነሳ የሚቸገረው ባለሱቁ ብቻ አይደለም። ጎረቤቱም መጠቆሚያ ያጣል።

ከተማዋ የተቀመጠችው ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል ነው። ወደ ጎን የምትሰፋበት ቦታ ብዙም ስለሌላት ዋናውን የአዲስ አበባ–መቀሌ መንገድ ተከትላ በርዝመቷ አድጋለች። ንግዱም ፒያሳ፣ አራዳና ሸዋ በር አካባቢ ታጭቆ ቆሟል። የሱቁ ፊት ጠባብ ነው፤ ታፔላው ግን ሰፊ መሆን ይፈልጋል። በዚህ ላይ የክረምቱ ጭጋግ አለ። ነሐሴ ላይ ጦሳን ውጦ አስፋልቱ ላይ ሲወርድ ከማዶ ያለ ጽሑፍ አይነበብም። የደሴ ነጋዴ ደማቅ ቀለምና መብራት ቢያበዛ አይፈረድበትም።

ንጉሥ ሚካኤል ደሴን የወሎ መናገሻ አድርገው አይጠየፍ አዳራሽን ሲያሠሩ የንግድ ምልክት የሚባለው ነገር ጽሑፍ አያስፈልገውም ነበር። ጠላ ቤት እንጨት ላይ ጣሳ ይደፋል፤ የሚጠጣ ይገባል። ይህ ምልክት ዛሬም በየመንደሩ አለ፤ ፈቃድ አምጣ ያለውም የለም።

በሕግ ደረጃ ታፔላን በግልጽ ያነሳው በ2013 ዓ.ም. በአዲስ የንግድ ሕግ የተተካው የ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው። በንግድ ቤቱ ላይ የሚለጠፍ፣ ንግዱን ከሌላው የሚለይ ስም ወይም ምልክት ከንግዱ ሀብት አንዱ መሆኑን አስቀምጦ ነበር። ደርግ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ ሌላ ጣጣ መጣ። ብዙ ሱቅ የቀበሌ ወይም የመንግሥት ኪራይ ቤት ሆነ። ነጋዴው ታፔላውን የሚሰቅለው የራሱ ባልሆነ ግድግዳ ላይ ነው። ግድግዳውን ቀብቶ አሳድሶ ታፔላ ይስቀል ወይስ ዝም ይበል የሚለው ጥያቄ ከዚያ ወዲህ አልሞተም።

አሁን የሚሠራበት ዋናው ሕግ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 ነው። ቢልቦርድ፣ ባነር፣ ፖስተርና ስቲከር፣ በሕንፃና በተሽከርካሪ ላይ የሚጻፍ ጽሑፍ፣ የድምፅ ማጉያ ሳይቀር «ከቤት ውጭ ማስታወቂያ» በሚለው ሥር ይገባሉ። በመንገድ ላይ ያለው የፈቃድና የቁጥጥር ሥራ ግን ወደ ክልልና ወደ ከተማ የሚወርድ ነው። ከዚያ ቀጥሎ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980 አለ። የንግድ ስም ምዝገባን ይደነግጋል፤ ፈቃዱም በንግድ ቤቱ ውስጥ በሚታይ ቦታ ይለጠፋል። ተቆጣጣሪ ሲመጣ የታፔላውን ስም ከተለጠፈው ፈቃድ ጋር ማስተያየቱ ለዚህ ነው። በፈቃዱ ላይ አንድ ስም፣ በበሩ ላይ ሌላ ስም ከሆነ ጣጣው ይጀምራል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1112 የትንባሆን ማስታወቂያ ጨርሶ ከለከለ፤ የአልኮልንም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ። የቢራ ድርጅት ለቡና ቤት አሠርቶ የሚሰጠው ታፔላ ግን ከዓይን አልጠፋም። ግማሹ የቢራው ስም፣ ከሥር በትንሹ የቤቱ ስም ይጻፋል። የማን ታፔላ እንደሆነ አከራካሪ ቢሆንም ነፃ ነገር ማን ይጠላል?

አሠራሩም ተለውጧል። ድሮ ሠዓሊ ቆርቆሮ ላይ በዘይት ቀለም ይጽፍ ነበር። ጸጉር ቤት ከሆነ የተከረከመ ጭንቅላት፣ ምግብ ቤት ከሆነ ዶሮ ይጨመርበታል። ዛሬ ባነር ታትሞ በብረት ፍሬም ላይ ይወጠራል። አቅም ያለው ላይት ቦክስ ወይም በአክሪሊክ የተቆረጠ ፊደል ያሠራል። ባነሩ ርካሽ ነው፤ የደሴ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት ግን ቶሎ ይገረጣል፤ ጫፉም ይተረተራል። ከተማን የሚያስጠላው ይህ የተቀዳደደ ባነር ይመስለኛል፤ የታፔላ መብዛት አይደለም።

ሥጋ ቤቶቹ ለብቻቸው መታየት አለባቸው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ዕድር፣ በአንድ ግቢ የሚኖሩባት ወሎ በእርድ ግን ትለያለች። አንዱ ታፔላ ላይ ጨረቃና ኮከብ ከነ«የሙስሊም ሥጋ ቤት»፣ ሁለት በር አልፎ ሌላው ላይ መስቀል ይሳላል። ደንበኛ ጽሑፉን ሳያነብ በምልክቱ ብቻ ይገባል። ሁሉንም ታፔላ በአንድ ቀለምና በአንድ የፊደል ቅርጽ ማድረግ የሚፈልግ ደንብ ይህን ማሰብ ይኖርበታል።



ኮምቦልቻ ጎረቤት ብትሆንም ነገሩ ሌላ ነው። ቦታው ሜዳ ነው። ፋብሪካውና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሰፊ አጥር ስላላቸው ምልክታቸው ከሩቅ እንዲታይ ተደርጎ ይሠራል።

ከአዲስ አበባ የተነሳው የኮሪደር ልማት ወደ ሁለቱም ከተሞች ሲመጣ የታፔላው ጉዳይ እንደገና ተነሳ። የእግረኛ መንገድ ሲሰፋ ወደ ውጭ የወጣው ታፔላ ይገባል፤ ፊት ለፊት የቆመው ይነሳል፤ የሕንፃው ፊት ይቀባል። ለውበቱ የሚከራከር የለም። ነጋዴው የሚያጉረመርመው ደጋግሞ ማሠራቱ ኪሱን ስለሚጎዳ ነው። የበለጠ የሚቸገረው ግን በቅያስ ውስጥ ያለው ነው። ልብስ ሰፊው፣ ጥርስ ሐኪሙ፣ ፎቶ ቤቱ ከአስፋልቱ አይታዩም፤ የሚያስታውቃቸው በቅያሱ አፍ ላይ ቀስት ተስሎበት «ወደ ውስጥ 50 ሜትር» የሚለው ቆርቆሮ ነው። እንዲህ ያለው ቆርቆሮ በአንድ ብረት ላይ አራት አምስት ሆኖ ይደረደራል፤ ሲጸዳም ቀድሞ የሚነቀለው እሱ ነው። በየቅያሱ መግቢያ አንድ የጋራ ምሰሶ ተተክሎ ስማቸው በእኩል መጠን ቢጻፍ አስፋልቱም አይጨናነቅም፤ እነሱም ደንበኛ አያጡም።