«ሰው ካለህ አትከስርም» እና የዱቤው ደብተር

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የምሠራው ለትንንሽ ሱቆችና ካፌዎች ነው። አዲስ የሚከፍት ሁሉ ኪራዩን እንኳ ሳያሰላ «ሰፈሩ የኛ ነው፣ ዘመድ ጓደኛ ሞልቷል፣ ማን ይከስራል?» ይለኛል። ሰለቸኝ።

ከሚሉኝ ነገር ቀላል ቀላሎቹን መጀመሪያ ልጨርስ።

«እቁብ የምስኪን ነው።» መርካቶ ሄዳችሁ ጠይቁ። በእቁብ ብር ዕቃ የሚያስገባው ነጋዴ ብዙ ነው።

«ቲክቶክ ላይ ተከታይ አለኝ።» ዋጋ ለጠየቀ ሁሉ «በውስጥ መስመር» እያላችሁ? እሺ።

«ቢሮ ውስጥ ሰው አለኝ።» ሲዛወርስ?

አሁን ወደሚያበግነኝ። «ዋናው ደንበኛ ዘመድና ጓደኛ ነው።»

አንዲት ደንበኛዬ ተወልዳ ባደገችበት ሰፈር ሸቀጣ ሸቀጥ ከፈተች። በስምንተኛው ወር ሱቁ ሰው አያጣም፣ መሳቢያው ግን ባዶ ነው። የዱቤ ደብተሯን ተቀበልኳት። «አክስቴ፣ ዘይት 5 ሊትር።» «የእታበባ ልጅ፣ ስኳር፣ ደሞዝ ሲወጣ።» አንዱ መስመር ላይ «ሰውዬው፣ ሩዝ» ይላል። የቱ ሰውዬ? እሷም ረስታዋለች። 23 ባለዕዳ ቆጠርኩ፤ 19ኙ ዘመድ ወይም የእድር ሰው ነው። አከፋፋዩ ደግሞ እጅ በእጅ ካልሆነ ዕቃ አያወርድም። «አክስትሽን ጠይቂያት» ብላት ዓይኗን ሰበረች። እናቷ ያረፉ ጊዜ ሳምንት ሙሉ እንጀራ ስትጋግር የሰነበተችው አክስቷ ናት። ይሉኝታ በሒሳብ መዝገብ አይገባም፣ ግን ካፒታል ይበላል።

ያተረፋትስ ማን ነው? ማዶ ያለው የሕንፃ ግንባታ ዘበኛ። ከሰላምታ በቀር አይተዋወቁም። ስለ ሱቋ ለፎርማኑ ነገረው፤ ፎርማኑ የሠራተኞቹን ዳቦና ውኃ ከእሷ ይገዛ ጀመር። በየቅዳሜው ይከፍላል።

ይህን እኔ አልፈጠርኩትም። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ በሰው በኩል ሥራ ካገኙት መካከል ያንን ሰው አዘውትረው የሚያገኙት 17 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። የቅርብ ሰው የሚያውቀውን እናንተም ታውቁታላችሁ። አዲስ ወሬ ከሩቅ ነው የሚመጣው። ገበያም እንደዚያው።

ስለዚህ ማን፣ ስንት፣ መቼ ሳይጻፍ ዕቃ አይውጣ። ለራሳችሁ ደሞዝ ቁረጡ። ለአክስት መስጠት ካማራችሁ ከደሞዛችሁ ስጡ፣ ከሱቁ አይደለም። ከዘበኛውም፣ ከተላላኪውም፣ ከጎን ካለው ጋራዥ ልጅም ሁለት ቃል ተጫወቱ።

ደንበኛዬ አሁን ዱቤ ሲጠይቋት «ሒሳብ ሠራተኛዬ ከልክሎኛል» ትላለች። ሰፈሩ ጠምዶኛል። አክስትየዋ ሰላምታዬን መመለስ ትታለች።